ወንድሜን ለመዳር የታሰበበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥር 18

አንዋር ዛሬ ቤቱ ጠፋበት።

ከደሴ ፒያሳ እስከ ሰፈራችን ቧንቧ ውሃ። በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከአስር ሶላት በኋላ ፀጉሬን ልስተካከል ብሎ ወጣ። መግሪብ ደረሰ፣ አልመጣም። ስልኩ ዝግ። በመጨረሻ አንድ ጢማቸው የሸበተ ባለባጃጅ በራችን ድረስ ይዘውት መጡ። ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሞ ነው ያገኙት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የሐጂ ሰይድ ልጅ ነኝ አለኝ፤ ሰፈሩን ግን ሊነግረኝ አልቻለም። እኔ ሐጂን ስለማውቃቸው ነው» አሉኝ። ሂሳብ ስሰጣቸው አልቀበልም ብለው ሄዱ።

አንዋር እየሳቀ ገባ። ስልኬ ባትሪ ጨርሶብኝ ነው አለ። አባም ሳቁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውስትራሊያ የኖረ ሰው ከተማው ቢቀየርበት ምን ይገርማል አሉ።

እኔ አልሳቅኩም። ከመጣ ወር ሞላው። ያቺን መንገድ በየቀኑ ነው የሚመላለስባት።

ይህን ደብተር የገዛሁት ለትምህርት ዕቅድ ነበር። የተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተቆልሎ እያለ እዚህ ላይ ስለ ወንድሜ እጽፋለሁ። ለማን ልናገር?

ከመጣ ጀምሮ ያየሁት፦
መጋረጃውን አይገልጥም። ብርሃን ያመዋል።
ስልክ ሲያወራ ቆይቶ ማንን እንደሚያወራ ይጠፋዋል። አንድ ጊዜ ስሙን ጠየቀው፤ የገዛ ጓደኛውን።
ወጥ ሲቃጠል አልሸተተውም። ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ነበር።
ማንኪያ አምጪልኝ ለማለት «ያንን… ያንን…» ይላል፣ ከዚያ ተነስቶ ራሱ ያመጣል።

አባ ይህን አያዩም። አባ የሚያዩት እሑድን ነው። እሑድ ኮምቦልቻ ሐጂ ኑሩ ቤት ምሳ ተጠርተናል። ሴት ልጃቸውን ሐያትን ለአንዋር ጠይቀዋል አባ። ረመዳን ሳይገባ ኒካሁ እንዲታሰር ይፈልጋሉ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ቀኑን ሙሉ እርማት። አንድ ተማሪ ልብ ምን ትሠራለች ቢባል «ታስባለች» ብሎ ጽፏል። ግማሽ ማርክ ሰጠሁት።

ማታ ሽማግሌው መጡ፣ ከሐጂ ኑሩ ጋር የሚያገናኙን ሰውዬ። ልጁ በትክክል ሥራው ምን ነበር ብለው ጠየቁ። አባ ኳስ ተጫዋች አሉ። የትኛው ክለብ፣ ማን ጋ ተጫውቷል፣ በቴሌቪዥን ለምን አላየነውም። አባ ግራ ገባቸው፤ ወደ እኔ ዞሩ።

ሁሌም እንዲህ ነው። ሰው ሁሉ እግር ኳስ ይመስለዋል፤ የአውስትራሊያው ግን ሌላ ነው። ኳሷ ክብ አይደለችም፣ እንደ ሎሚ ሁለት ጫፏ ሾል ያለ ነው። ሜዳው ሞላላ ነው፣ ስፋቱ አይጣል። አሥራ ስምንት ሰው ካሥራ ስምንት ሰው ይጋጠማል። በእጅም በእግርም ነው። መረብ የለም፣ ግቡ አራት ረጃጅም ቋሚ ነው። ትልቁ ነገር ግን ዝላዩ ነው። ኳሷ ከላይ ስትመጣ ከፊትህ ያለውን ሰው ጀርባ በጉልበትህ ተደግፈህ ከትከሻው በላይ ትወጣለህ፣ እዚያ ላይ ትቀልባታለህ። አንዋር የታወቀው በዚያ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመቱ ላይ የእማ ታናሽ እህት ሜልቦርን ወሰደችው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። የመጀመሪያውን ዓመት ክፍል ውስጥ አንድ ቃል ሳይናገር እንደጨረሰ ነግሮኛል። የስፖርት አስተማሪው ያቺን ኳስ ወረወረለት። ቋንቋ የማትጠይቀው እሷ ብቻ ነበረች ይላል። አሥራ ስምንት ሲሞላው ትልቅ ክለብ ወሰደው። አክስቴ ያን ዕለት ደውላ እያለቀሰች ነበር፤ እማ ደግሞ ምን ሆነ ብላ እዚህ አብራ አለቀሰች፣ ነገሩ ሳይገባት። ሰባት ዓመት ተጫወተ። ፆም ይዞ ተለማምዷል። ሰዎች በአደባባይ አስቁመው አብረውት ፎቶ ይነሱ ነበር። እዚህ ግን የአንድም ጨዋታውን ውጤት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የላከላትን ፎቶ እማ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከካባዋ ሥር ታስቀምጠው ነበር። አጭር ቁምጣ ለብሷል ብላ።

እሷ የሞተች ጊዜ በኮሮና በረራ ቆሞ ስለነበር መምጣት አልቻለም። በዚያው ሰሞን ነው ጨዋታ ያቆመው። ለምን እንዳቆመ ግን በትክክል ነግሮን አያውቅም። ጉልበቴ አለ። አባም ለሰው ሁሉ ጉልበቱ ይላሉ።

ለሽማግሌውም እንደዚያው አሉ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ዛሬ የአባን ሬዲዮ ግድግዳ ላይ ወረወረው።

አባ ከፈጅር በኋላ ዜና ይሰማሉ። ድምፁን ከፍ ያደርጋሉ፣ ጆሯቸው ደክሟል። አንዋር ሁለቴ ቀንስልኝ አለ። «ቀንስልኝ» ነው ያለው፣ «ይቀንሱልኝ» አላለም። ለአባ። በሦስተኛው መጣና ነጥቆ ወረወረው። ባትሪዎቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። አባ ቆመው አዩት። አንድም ቃል ሳይናገሩ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ወደ ሱቅ ሄዱ። ደጅ ላይ ለእኔ፣ «ሥራ መፍታት ነው። ትዳር ሲይዝ ይረጋጋል» አሉኝ።

ክፍሉ ገባሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። ቁጣው አልፏል።

«ዘይኑ፣ እኔ አይደለሁም» አለኝ። «ማለቴ እኔ ነኝ። ግን ሲመጣ አላየውም።»

ከሻንጣው ውስጥ የተጣጠፈ ደብዳቤ አወጣ። እንግሊዝኛ ነው። የአንጎል ሐኪም የጻፈው። ሁለቴ አነበብኩት። የባዮሎጂ አስተማሪ መሆኔን የጠላሁበት ቀን ነው፤ ያልገባኝ ነገር ቢኖር ይሻለኝ ነበር። በተደጋጋሚ ጭንቅላቱ ተመትቷል። የማስታወስ ችግር፣ የስሜት መለዋወጥ፣ አቅጣጫ መጥፋት። እየባሰ ሊሄድ ይችላል። መድኃኒቱ ሕመሙን ለማስታገስ እንጂ ለማዳን አይደለም።

በሽታው ይህ ነው ብለው አረጋግጠውልሃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«የሚረጋገጠው ከሞትኩ በኋላ ነው። ከፍተው ሲያዩት።» እንደ ቀልድ ነው ያለው። አልሳቀም።

ከዚያ ያላሰብኩትን ነገረኝ። እያንዳንዱ ዓመት ሲጀመር ተጫዋቾቹን ኮምፒውተር ላይ ይፈትኗቸዋል። ቃል ማስታወስ፣ ቅርጽ መለየት፣ ፍጥነት። በኋላ ጭንቅላትህን ስትመታ ያንኑ ፈተና ይሰጡሃል፤ ከመጀመሪያው ውጤትህ ከወረድክ አትጫወትም። አንዋር በየዓመቱ መጀመሪያ ሆን ብሎ ይሳሳት ነበር። ዝቅተኛ ውጤት እንዲመዘገብለት። በኋላ ሲመታ ሁለቱ እኩል ይመጡለታል።

«ማን አስተማረህ?»

«ማንም። ብልጥ ነበርኩ።»

አንድ ጊዜ አየር ላይ እያለ የሌላ ተጫዋች ጉልበት ጆሮ ግንዱን አግኝቶት፣ በጀርባው ወርዶ ሜዳ ላይ ራሱን ስቶ ቀረ። በሁለተኛው ሳምንት ተጫወተ። ማን እንዳሸነፈ አያውቅም። የዚያን ወር ምንም አያስታውስም። ደህና ነኝ ብሎ ፈርሟል።

«ማንም አላስገደደኝም ዘይኑ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ክለቡን እከሳለሁ የሚሉ አሉ። እኔ ማንን ልክሰስ?»

ሬዲዮውን ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። አይሠራም አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ውጤት ለማስገባት ኮምቦልቻ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ወረድኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንጨርስ ሙቀቱ ይቀበላል፤ ሹራቤን አወለቅኩ። መንገዱን ሁሉ ለሐያት የምላትን እየደረደርኩ ነበር። ሐያት የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ከትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለም።

ገባሁ። ነጭ ጋዋን ለብሳ መደርደሪያ ታስተካክላለች። አሥር ዓመት ታንሰኛለች። ስታየኝ ፊቷ በራ። አፊያ ነሽ፣ ሐጂ እንዴት ናቸው፣ ቤት እንዴት ነው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አየሁት አለች። የአንዋርን ጨዋታ።

«እንዴት ነው እንደዚያ የሚወጣው? ሰውየው ላይ እኮ ቆመ።» ሳቀች። «አባቴ ጉልበቱን ታሞ ነው ያቆመው አሉኝ። እኔ ደግሞ ስለ ጉልበት አንዳንድ ነገር አነበብኩ። በፊዚዮቴራፒ የሚሻለው አለ።»

ስለ ጉልበት አነበበች። ልጅቱ ሌሊት ቁጭ ብላ ስለ ጉልበቱ ታነባለች።

የራስ ምታት መድኃኒት ስጪኝ አልኳት። ለአንቺ ነው? አለች። አዎ አልኩ። ሂሳብ አልቀበልም አለች፤ አስገድጄ ከፈልኩ። ስወጣ እሑድ እንገናኝ፣ ኢንሻአላህ አለችኝ።

ኢንሻአላህ አልኩ።

ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጬ እስከ ደሴ ድረስ ራሴን ሰደብኩ። እኔ እንኳን። ከሰው ሁሉ እኔ።

የኔን ነገር እዚህ ልጻፈው፣ ማንም አያነበውም። ስዳር ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሰውየው ጂዳ ሚስትና ሦስት ልጆች ነበሩት። ሽማግሌ ሆነው ከመጡት ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ ያውቁ ነበር። አንዷ አክስቱ ለሠርጌ ሂና ስትቀባኝ እጄን ይዛ ታውቅ ነበር። ሁለት ዓመት ከኖርኩ በኋላ በስልክ ነው የሰማሁት፣ ከልጁ አፍ። ከሰውየው ይልቅ ያቺ ሂና የቀባችኝ ሴት ናት እስከ ዛሬ ያልወጣችልኝ።

ዛሬ እኔ እሷን ሆንኩ።

ዓርብ፣ ጥር 22

አባ ከጁምዓ ሲመለሱ ደስ ብሏቸው ነበር። ለእሑድ አዲስ ጀለቢያ አሰፍተዋል፤ ለአንዋርም። ምሳ ካነሳሁ በኋላ ደብዳቤውን ይዤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። አንዋር ተኝቷል።

ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። አላቋረጡኝም። መቁጠሪያቸውን ይዘው ነበር፤ ጣታቸው ቆመ።

ስጨርስ «ማን ነው የጻፈው?» አሉ።

«ሐኪሙ።»

«ሐኪም ፈጣሪ አይደለም።»

«አባ፣ ሐያት ማወቅ አለባት።»

«ልጁ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሰግዳል። ሰው ሁሉ ይረሳል፤ እኔም እረሳለሁ።»

«እርስዎ ሰባ ሁለት ዓመትዎ ነው። እሱ ሠላሳ አንድ።»

ተቆጡ። እንደ አባ ቁጣ፣ ድምፅ ሳይነሳ። ሐጂ ኑሩን አርባ ዓመት እንደሚያውቁ፣ ከሐጂ ኑሩ ጋር በቃል እንጂ በወረቀት ነግደው እንደማያውቁ፣ ሱቁ በጦርነቱ ጊዜ ባዶውን ሲቀር ዕቃ አበድረው ያስነሷቸው እሳቸው እንደሆኑ ነገሩኝ። ታዲያ ይህን ሰው ነው የሚያታልሉት? አልኩ በሆዴ። በአፌ ሌላ አልኩ።

«የኔ ጊዜ ያውቁ ነበር?»

«ወላሂ አላውቅም ነበር» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

አምናቸዋለሁ። ምንጊዜም አምኛቸዋለሁ። «የሐያትን ግን አሁን ያውቃሉ» አልኳቸው።

ተነስተው ክፍላቸው ገቡ። በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «እኔ ስሞት ማን ይይዘዋል? አንቺም ብቻሽን ነሽ። ሚስት ያስፈልገዋል» አሉ። ለአንዋር ሚስት አይደለም የሚፈልጉለት። ጠባቂ ነው። አሁን ገባኝ። ገብቶኝም ልፈርድባቸው አልቻልኩም፣ ምክንያቱም እኔም ልክ ያንኑ እያሰብኩ ነው የማድረው። አባ ከሞቱ በኋላ እኔና እሱ። እኔ ክፍል ውስጥ ሳስተምር እሱ የትኛው መንገድ ዳር ይቆማል?

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ጥሩ ቀን። አልሐምዱሊላህ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ጥሩ ቀን።

ጧት ነቅቶ ራሱ መጋረጃውን ገለጠ። ሆጤ ሜዳ ውሰጂኝ አለኝ። ከሻንጣው ያቺን ሎሚ የመሰለች ኳስ አወጣ፤ ይዟት መምጣቱን አላውቅም ነበር። ቀዝቃዛ ነበር፤ የጦሳ ተራራ ጫፉ በጉም ተሸፍኗል። ሜዳው ጥግ ላይ ሴቶች መረብ ኳስ ይለማመዳሉ።

መታት። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ኳሷ ወደ ኋላዋ እየተገለበጠች፣ ሳትወዛወዝ፣ ሜዳውን አቋርጣ ሄደች። ሴቶቹ ጨዋታቸውን አቁመው አዩ። ሮጦ አመጣት፣ ደግሞ መታት። ሳቀ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የታየኝ፤ ቤት ውስጥ ሃምሳ ይመስለኝ ነበር። ወደ ሰማይ ልቀቂያት አለኝ። ለቀቅኩለት፣ በደንብ አልሄደችም። ግን ዘለለ። ወንድሜ ዘለለ፣ እጆቹ ከራሱ በላይ ተዘረጉ፣ ያዛት። ለዚያች ቅጽበት ሰባት ዓመት ሙሉ ያላየነውን ነገር አየሁ። እማ ብታየው አልኩ።

ሲወርድ እግሩ መሬቱን በትክክል ረገጠ። ምንም አልነካውም። ግን ሁለት እርምጃ ሄዶ ተንበረከከ፣ አስመለሰው።

ሳሩ ላይ ብዙ ተቀመጥን። ጃኬቴን ራሱ ላይ ጣልኩለት፣ ብርሃኑ እንዳያገኘው። ከሥሩ ሆኖ ጠየቀኝ። ያንቺ ጊዜ፣ ቀድመው ቢነግሩሽ ታገቢው ነበር?

አላውቅም አልኩት። ምናልባት አላገባውም። ምናልባት አገባው ነበር። ግን የኔ ይሆን ነበር፣ ውሳኔው።

ከሴቶቹ አንዷ ውኃ አመጣችልን። «ወንድምሽ ነው? ፆም ነው እንዴ?» አለች። አዎ አልኳት። በዚህ ሳምንት ስንት እንደዋሸሁ መቁጠር ትቻለሁ።

እሑድ፣ ጥር 24

አለቀ። እንዴት እንደነበረ ልጻፈው።

ሐጂ ኑሩ በላኩት መኪና ተወሰድን። አባ ከፊት፣ እኔና አንዋር ከኋላ። ጀለቢያው አምሮበታል። ረጅም ነው፣ ትከሻው ሰፊ። ሐጂ ኑሩ በር ላይ መርሐባ ብለው አቅፈው ሳሙት። ወንዶቹ ሳሎን፣ እኛ ሴቶቹ ቀጥሎ ባለው ክፍል። በሩ ክፍት ነበር። ሐያት ሰማያዊ ለብሳለች። ከጎኔ ተቀመጠች፣ ትከሻዋ ትከሻዬን ይነካል።

ወሬው እንደ ደንቡ ሄደ። የከብት ዋጋ፣ የመንገዱ ጥገና፣ ሐጅ ዘንድሮ ማን እንደሚሄድ። ከዚያ ሐጂ ኑሩ ለአንዋር፣ እንግዲህ ልጄ እዚህ ምን ልትሠራ አሰብክ አሉት። አባ ፈጥነው ስለ ጨርቅ ንግድ ማስረዳት ጀመሩ። አንዋር ዝም ብሎ አስጨረሳቸው።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ የማያውቁት ነገር አለ» አለ።

አባ «አንዋር» አሉ። ልመና ነበር።

ቀስ ብሎ ተናገረ። ቃል እንዳይጠፋበት እየተጠነቀቀ እንደሆነ ገባኝ፤ አጫጭር አደረጋቸው። ጉልበቴ ደህና ነው። የተጎዳው ራሴ ነው። እረሳለሁ። እቆጣለሁ፣ ዕቃ እሰብራለሁ። ባለፈው ሰኞ ቤቴ ጠፋብኝ። ሐኪሞች ይሻልሃል አላሉኝም። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ፣ እየባሰኝ ነው።

«ስጫወት ደህና ነኝ እያልኩ ሰው አታልያለሁ። በራሴ ነበር የፈረድኩት። በልጅዎ ላይ አልፈርድም።»

ሐያት አልተንቀሳቀሰችም። ወደ በሩ አላየችም፤ ዞራ እኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ። ሐሙስን እያሰበች ነበር፣ አውቃለሁ። ትከሻዋን ከትከሻዬ አራቀች፣ በጣም ትንሽ፣ ሌላ ሰው የማያየው ያህል።

ሐጂ ኑሩ «አላህ ያሽርህ ልጄ» አሉ። «ይህን መናገርህ ትልቅ ነገር ነው።» ከዚያ ወደ አባ። «ሐጂ ሰይድ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?»

አባ መልስ አልሰጡም።

ሐጂ ኑሩ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ምሳው ቀርቧል፣ እንብላ አሉ። በላን። ከዚያ የከበደ ምሳ በልቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ሥጋውን ወደ አንዋር ይገፋል። እሱ ብቻ ነው በደንብ የበላው። ዕዳ እንደወረደለት ሰው።

ስንመለስ በሐጂ ኑሩ መኪና አይደለም፤ አባ እንቢ አሉ፣ ሚኒባስ ያዝን። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ አንዋር ትከሻዬ ላይ ተኛ። አባ መስኮቱን እያዩ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «አርባ ዓመት» አሉ።

ሰኞ፣ ጥር 25

አባ ሱቅ በጠዋት ሄዱ። ቁርስ አልበሉም። ለአንዋር ሰላምታ አልሰጡም፣ ለእኔም።

አንዋር መጋረጃው ተዘግቶ ውሏል። እሑድ ያለውን በሙሉ ያስታውስ እንደሆነ ጠየቅኩት። አብዛኛውን አለ። የሐያት ቀሚስ ቀለሙ ምን ነበር አለኝ። ከበሩ ወዲያ ስለነበረች አላያትም። ሰማያዊ አልኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ጠየቀኝ። ሰማያዊ አልኩት።

ከሰዓት ሐያት ደወለች። ለአንድ አፍታ ተስፋ አደረግኩ፣ መዋሸት የለብኝም።

«ሐሙስ ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?»

ፈራሁ አልኳት።

«አባቴ እንቢ ብለዋል። እኔ ግን ልንገርሽ። ፊቴ ቆመሽ ብትነግሪኝ አስብበት ነበር። ወላሂ አስብበት ነበር። የታመመ ሰው አልፈራም፣ ሥራዬ ነው። አሁን የምፈራው እሱን አይደለም። እሱ ተናግሯል። እናንተን ነው።»

ልክ ነሽ አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? ማስታገሻውን ከምግብ በኋላ ስጪው፣ ከሁለት ቀን በላይ በተከታታይ አትስጪው አለችኝና ዘጋች። ያኔ ለማን እንደገዛሁ አውቃዋለች።

አንዋር የሠራውን እኔ አፈረስኩት። ከእሱ ቀድሜ፣ መድኃኒት ቤት ቆሜ።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ሬጅስትራሩ ውጤት አልደረሰኝም ብሎ ደወለ። ሐሙስ አስገብቻለሁ። ነገ ደግሞ ልወርድ ነው። ከመድኃኒት ቤቱ በሌላኛው በኩል ማለፍ ይኖርብኛል።

አባ ዛሬ በጊዜ ገቡ፣ መግሪብ ሳይደርስ። ልብሳቸውን ሳይቀይሩ አንዋር ክፍል ሄደው በሩን አንኳኩ። አባ በገዛ ቤታቸው በር ሲያንኳኩ አይቼ አላውቅም። ለእኔ ስልክሽን አምጪ አሉኝ።

«ያ ጨዋታ ይኖራል? የወደቀበት።»

አባ የአንዋርን አንድም ጨዋታ ዓይተው አያውቁም። ሰባት ዓመት ሙሉ። እኔም ፈራሁ፤ አንዋርን አየሁት። ፈልጊው አለኝ።

አገኘሁት። ብርሃኑን ቀነስኩ፣ ድምፁን አጠፋሁ። ሦስታችን አልጋው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን፣ አባ መሐል። መነጽራቸውን አደረጉ። አንዋር ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ከሰው ሁሉ በላይ ነው፤ ከዚያ የሌላኛው ጉልበት። አወዳደቁ ሰው አይመስልም፤ እጆቹ አልተዘረጉም። መሬት ላይ ሆኖ አንድ ክንዱ ብቻ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ቀርቷል። አንዋር እንደ ባዕድ ሰው እያየው ነበር። አላስታውሰውም አለ።

አባ ደግሚው አሉ። ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ አሉ። አልቻልኩም፣ ስልኩን ገለበጥኩት።

«ከመሬት ማን አነሳህ?»

«አላውቅም አባ። ሐኪሞቹ።»

አባ ቀኑን ጠየቁኝ፤ ከቪዲዮው ሥር አንብቤ ነገርኳቸው። «የዚያን ቀን ማታ ደውለህልኛል። ስለ እናትህ መድኃኒት ጠይቀኸኛል። ምንም አልነገርከኝም።»

አንዋር መደወሉንም አያስታውስም። «ብነግርዎትስ ምን ይገባዎት ነበር? ጨዋታውን አያውቁትም» አለ። ክፋት አልነበረበትም።

አባ መነጽራቸውን አውልቀው በጀለቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «እንግዲህ ንገረኝ» አሉ። «ከመጀመሪያው። ይሄ ሁሉ ሰው ሜዳው ላይ ምን ይሠራል?»

ወጥቼ ራት ላቀርብ ጓዳ ገባሁ። ድምፃቸው ይሰማኛል። አሥራ ስምንት በዚህ፣ አሥራ ስምንት በዚያ። አባ ይሳሳታሉ፣ አንዋር ያርማል። አራቱ ቋሚ ለምን አራት ሆነ? በመሐለኞቹ ከገባች ስድስት፣ በጎን ከሄደች አንድ። ለሳተ ሰው ነጥብ ይሰጣል? አሉ አባ፣ ተገርመው። ይሰጣል አለ አንዋር።

ሐኪም ጋ አዲስ አበባ እንወስደዋለን አሉኝ ቆይተው። እሺ አልኩ። ደብዳቤው ያላለውን አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ይላል ብዬ አላስብም፤ ለአባ ግን አልነገርኳቸውም። ስለ ሐጂ ኑሩ ምንም አልተነሳም። የሚነሳም አይመስለኝም። አባ ያንን ሰው አጥተዋል፣ እኔም ሐያትን። አንዋር ከሁለታችን ያነሰ ያጣ ይመስላል፣ ወይም ገና አልታወቀውም።

ሳህኖቹን ይዤ ስመለስ አንዋር ስለ አንድ ነገር እየነገራቸው ነበር፣ ኳሷን ከአየር ላይ የቀለበ ሰው ስለሚሰጠው መብት። ማንም ሊነካው አይችልም፣ ቆሞ ጊዜውን ወስዶ ይመታል፣ ያ ይባላል… ያ… ቃሉ ጠፋበት። እጁ አየር ላይ ቀረ። ግንባሩ ላይ ያ የቁጣ ጅማት ሲመጣ አየሁት፣ ሳህኖቹን አጥብቄ ያዝኩ።

አባ አላገዙትም። ሌላ ነገርም አላነሱም። እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አድርገው ጠበቁት።

ቃሉ አልመጣም። ጅማቱ ቀስ እያለ ወረደ።

«ይቅር» አለ አንዋር።

«አልቸኮልኩም» አሉ አባ።

ለኢሻ አዛን ሲል አሁንም እዚያው ነበሩ።